የሱሉልታ ወተት መዝገብ የት ይደር?

ወይዘሮዋ፦ ሁለታችሁንም ያስቸገርኋችሁ ስለ አንድ መዝገብ ነው። በሱሉልታና በዙሪያዋ ካሉት ገበሬዎች ጧትና ማታ የምንረከበው ወተት፣ የባለወተቱ ስም፣ የሊትሩ ልክ፣ ላክቶሜትሩ ያሳየው ቁጥር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚከፈለውም ሒሳብ፣ ቀድሞ በደብተር ይጻፍ የነበረው ሁሉ ዛሬ በስልክ በሚከፈት አፕሊኬሽን ውስጥ ይገኛል፤ አፕሊኬሽኑ የተቀመጠበት ሰርቨር ግን አውሮፓ ነው። ውሉ የሚያበቃበት ቀን ስለ ተቃረበ፣ እናንተም በምክራችሁ ስለ ተለያያችሁ፣ ለወተት ማኅበራችን ገንዘብ ተጠያቂ እኔ ነኝና አንዳችሁ በሌላችሁ ፊት ስትናገሩ ልሰማችሁ ወደድሁ።

ወጣቱ፦ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ እትዬ። ላሞቹ እዚህ፣ ባለቤቶቹ እዚህ፣ የወተቱ ገዢዎች እዚህ፣ የሚከፈልበትም ገንዘብ ብር ሆኖ ሳለ፣ መዝገቡ ብቻውን ባሕር ተሻግሮ የሚያድርበት ምክንያት አይታየኝም። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን የምንመርጠው ስላልነበረን ነው እንል ነበር። ዛሬ ግን አዲስ አበባ፣ ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ቅጽር ውስጥ ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ የተባሉት ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከሎቻቸውን አቁመዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ በሚል ስም ሰርቨር ያከራያል። ቡራዩ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የምሠራቸውን አፕሊኬሽኖች ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አገር ቤት መመለስ ይገባናል ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዛውንቱ፦ አገር ወዳድነትህን አልነቅፍም፤ ልጄ። እኔም ሰበታ ላይ ቤት ሠርቼ በጡረታ እስክቀመጥ ድረስ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቴሌኮሙኒኬሽን መሥመር ጥገና ነው። ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ የጠራሃቸው አገልግሎቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ራክሲዮን የመሰለው ማዕከል የሚያከራየው ስፍራውን፣ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይሉን፣ ማቀዝቀዣውንና ጥበቃውን ሲሆን፣ ማሽኑን ገዝቶ የሚያስገባው ተከራዩ ራሱ ነው። ቴሌክላውድ ማሽኑንም ጨምሮ ያከራያል። የጀርመኑን ሔትስነርን የመሰሉት ደግሞ ማሽኑን በርካሽ ሰጥተው የቀረውን ድካም ሁሉ ለባለሙያው ይተዉለታል፤ አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ግን ዳታቤዙን ራሳቸው እየጠበቁ፣ ባክአፑን በየሌሊቱ ራሳቸው እየወሰዱ፣ ከተፈለገም በሰዓት ሒሳብ ያከራያሉ። እንግዲህ ምርጫው ከመደረጉ በፊት፣ ከሥራው ሸክም ውስጥ የትኛው በአከራዩ፣ የትኛው በአንተ፣ የትኛው በእኒህ ሴት ማኅበር ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ በዝርዝር መታወቅ አለበት።

ወጣቱ፦ ልዩነቱን እቀበላለሁ፤ ጋሼ፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ልጀምር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንዱ የአሜሪካ ዶላር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አልተወም። በወር 40 ዶላር ይከፍል የነበረ ማኅበር ከ2,300 ብር የማይበልጠው ወጪው፣ አንዲት ላም ሳይጨምር፣ አንዲት ሊትር አትርፎ ሳይሸጥ፣ ከ4,000 ብር በላይ ሆነበት ማለት ነው። በብር የሚያገኝ ሰው በብር ሊከፍል ይገባዋል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

አዛውንቱ፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የተረሳ ነገር ግን አለበት። በጎሮ ቅጽር ውስጥ ያለው ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ ማቀዝቀዣና ሰርቨር ሁሉ የተገዛው በዶላር ነው፤ ሲያረጅም የሚተካው በዶላር ነው። ስለዚህ የምንዛሪው መከራ በአገር ውስጥ ዋጋ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይቀርም። ደግሞም የመነሻው ዋጋ ራሱ ይታይ። ሔትስነር ለአንዲት ትንሽ ሰርቨር በወር የሚጠይቀው ጥቂት ዩሮ ነው፤ በአውሮፓ ላሉት ሰርቨሮቹ በዚሁ ዋጋ 20 ቴራባይት የሚደርስ የመረጃ ዝውውር ይፈቅዳል፤ የወተት መዝገብ በአንድ ዓመት እንኳ የዚህን እኩሌታ አይፈጅም። ብሩ ምንም ያህል ቢወርድ ይህ ወጪ ከአንዲት ጥሩ የፈረንጅ ላም የጥቂት ቀን ወተት አይበልጥም።

ወይዘሮዋ፦ እኔን ያቆሰለኝ ዋጋው አልነበረም፤ ጋሼ። እኛ የውጭ አገር ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ስላልነበረን፣ ሒሳቡ ይከፈል የነበረው አሜሪካ በሚኖር የአንድ አባላችን ወንድም ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው አልፎበት በሌላ ሲተካ፣ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ከርሱ በቀር ማንም ወደማያየው ኢሜይል ነበርና፣ በክፍያ ሳምንት አፕሊኬሽኑ ጸጥ አለ። ገበሬው ገንዘቡን ሊቀበል ሲመጣ፣ መዝገቡ ጠፍቷል ማለት ገንዘብህ ተበላ ከማለት እንደማይለይ ታውቃላችሁ። የሞተባቸውን ላም ለመተካት በዚያ ክፍያ ተስፋ ያደረጉ እናት ከበራችን ሳይነሡ ዋሉ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ ምን ምስክር ይፈለጋል? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ። ውሉ በማኅበሩ ስም፣ ክፍያው በብር፣ ደረሰኙም በማኅበሩ አድራሻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

አዛውንቱ፦ ይህን ያመጣው የሰርቨሩ አገር ነው ወይስ የውሉ ስም? እኔ የማየው ሁለተኛውን ነው። በሕግ ዓይን የዚያ ሰርቨር ተከራይ ማኅበሩ ሳይሆን አሜሪካ ያለው ሰው ነበር፤ እርሱ ቢሞት፣ ቢጣላ፣ ወይም እንዲሁ ቢረሳው፣ ማኅበሩ «መዝገቡ የእኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው አንዲት ወረቀት አልነበረውም። ጎሮ ያለውም ሰርቨር በአንተ በግልህ ስም ተከራይቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ያው ነው፤ ስንት የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በአንድ ፕሮግራመር ስም ተመዝግቦ እንደሚኖር አንተው ታውቃለህ። ካርዱን በተመለከተ ደግሞ፣ ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ባንኮች ለውጭ አገር ክፍያ የሚሆን ካርድ የሚሰጡበት መንገድ ከፊተኛው ሰፍቷል፤ ማኅበሩ በራሱ ስም እንዲያወጣ መጠየቅ ይገባል።

ወጣቱ፦ ስሙን አስተካከልን እንበል። ርቀቱስ? ሱሉልታ ላይ ቆማ ስልክ የምትነካ ልጅ፣ ቃሏ ጀርመን ደርሶ እስኪመለስ የምትጠብቅበትን ጊዜ ምን ዐይነት ውል ያሳጥረዋል?

አዛውንቱ፦ ስለ ርቀት ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር ስላለ ቀስ ብለን እንየው። ብርሃን በፋይበር መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መሥመር ቢለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ50 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ገመዱ በባሕር ስለሚዞርና በየጣቢያው ስለሚቆም ግን በተግባር ከመቶ ይበልጣል። እስከዚህ ድረስ ለአንተ ይረዳል። ነገር ግን ዘመዶቻችን ሁሉ «ወደ አፍሪካ ቀርቦልናል» እያሉ ደስ የሚላቸው፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ጆሐንስበርግና ኬፕታውን፣ አማዞን በ2020 ኬፕታውን፣ ጉግልም በ2024 ጆሐንስበርግ የከፈቷቸው ማዕከሎች ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ኬፕታውን ያለው 5,200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በካርታ ላይ ወገን የመሰለን ስፍራ ከጀርመን እምብዛም አይቀርብም። ዋጋውም እንዲሁ ነው፦ አማዞን ከአውሮፓ ማዕከሎቹ ለሚወጣ አንድ ጊጋባይት 9 የዶላር ሳንቲም ሲያስከፍል፣ ከኬፕታውኑ 15 ሳንቲም ያልፋል። ከአማዞን ማዕከሎች በእውነት የሚቀርበን 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የባሕሬኑ ነው።

ወጣቱ፦ እርስዎ ራስዎ ነገሩን ለእኔ አቀለሉልኝ። እንደ ባሕሬኑ ያለው 2,300 ኪሎ ሜትር ርቆ ቅርብ ከተባለ፣ ከሱሉልታ ጎሮ እንጦጦን ተሻግሮ ያለው መንገድ ምን ሊባል ነው? የአንድ ጥያቄ 150 ሚሊሰከንድ ለሰው አይሰማውም፤ ነገር ግን በቸልታ የተሠራ አንድ ገጽ 40 ጥያቄዎችን በየተራ ሲልክ 6 ሰከንድ ይሆናል። ቅርብ ባለ ሰርቨር ላይ ግን ያ ጥፋት እንኳ አይታወቅም።

አዛውንቱ፦ ጥፋቱን የሚሸፍን ቅርበት ከመፈለግ ጥፋቱን ማረም አይሻልምን? አርባውን ጥያቄ አንድ አድርገህ ላክ።

ወይዘሮዋ፦ ስለ ሰከንድ ስትነጋገሩ የማየውን ልንገራችሁ። ሱሉልታ በጧቱ 11 ሰዓት ተኩል እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ አለ። መዝጋቢዋ ልጅ ጓንቷን አውልቃ፣ ወተቱን በረጅሙ መለኪያ ቀድታ፣ ላክቶሜትሩን ትነክርና መዋዠቁን እስኪተው ትጠብቃለች፤ 28 ላይ ሲቆም ቁጥሩን በስልኩ ትጽፍና «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች። ከዚያ በኋላ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ገበሬዎቹ ጄሪካናቸውንና የአሉሚንየም ጣሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ወተቱ በቆየ ቁጥር ይበላሻል፤ ትምህርት ቤት የሚሄደውም ልጅ ይረፍድበታል። ልጅቱ ክቧ ስትሽከረከር ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰውየውን ታሰናብተዋለች፤ ማታ ያንን ካርቶን ስትገለብጥ 28ቱ 23 ሆኖ ይገባና፣ ሰውየው ወተቱን በውኃ አቅጥኗል ተብሎ ይጠረጠራል። ለእኔ ርቀት ማለት ይህ ነው።

ወጣቱ፦ ይህ የእኛ የሠሪዎቹ ጉድለት ነው፤ እትዬ። ስልኩ ቁጥሩን መጀመሪያ በራሱ ውስጥ እንዲይዝ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ ወደ ሰርቨሩ እንዲልክ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ክቧ ፈጽሞ አትታይም።

አዛውንቱ፦ እንደዚያ ከተሠራ ደግሞ ሰርቨሩ ጎሮም ይሁን ጀርመን ልጅቱ ልዩነቱን አታውቀውም፤ ስለ ርቀት ያነሣኸው ክርክር እዚህ ላይ አበቃ።

ወጣቱ፦ አላበቃም፤ ጋሼ። ርቀት ማለት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ በመንገድ ላይ የሚቆመው ሰው ብዛትም ነው። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት መረጃችን በአብዛኛው የሚወጣው በጅቡቲ፣ በሞያሌ በኩል በኬንያ፣ በመተማ በኩል በሱዳን ነው። እርስዎ ከሚኖሩባት ከሰበታ የሚነሣው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ባቡር ዕቃችንን ወደዚያው ወደ ጅቡቲ እንደሚያወርደው ሁሉ፣ የወተቱም መዝገብ በዚያው አቅጣጫ ወርዶ ከባሕሩ ገመድ ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሦስት ያህል ገመዶች ሲበጠሱ፣ አንዱ ኤኤኢ-1 የተባለው ጅቡቲን የሚያገናኘው ነበር። በሰው ጦርነት ውስጥ የተመታች የሌላ አገር መርከብ እየሰመጠች የጎተተችው መልህቅ ነው ያጠፋው ተባለ። የሱሉልታ ገበሬ ወተቱን ለቆጠረበት መዝገብ የዚያን ያህል ርቆ ሄዶ ስለ መርከብ መልህቅ ለምን ይጨነቅ?

አዛውንቱ፦ ይህ እስካሁን ካነሣኸው ሁሉ የጸና ነው፤ እቀበለዋለሁም። ከግማሹ ግን የሚበልጥ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ሁለት ሳምንት አልፎትም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የቀረው ከውጭ የሚመጣው ብቻ አልነበረም፤ የሞባይል ዳታውም አብሮ ተቋርጧል። ሰርቨሩ ጎሮ ቢሆን ሱሉልታ ያለችው ልጅ በምን ትደርስበት ነበር? የባሕሩ ገመድ ሲበጠስ የአገር ውስጡ ሰርቨር ይጠቅማል፤ የመንደሩ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጎሮና ፍራንክፈርት እኩል ሩቅ ናቸው። በመሥመር ጥገና ሳገለግል ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከባሕር በታች ያለው ሳይሆን መንገድ ሠሪው በዶማና በኤክስካቫተር የሚያገኘው ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ መንገድ በሰፊው እየተቆፈረ ስለ ሆነ፣ ይህ የሚቀር አይመስለኝም።

ወጣቱ፦ ስለዚህ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ ካልን፣ የራሳችንን እንምረጥ።

አዛውንቱ፦ ወይስ በቀላሉ ቅጂ የሚኖረውን? እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በስትራስቡርግ የሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች ኩባንያ አንዱ ሕንፃ በሌሊት ተቃጥሎ ዐመድ ሆነ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ጠፉ፤ ባክአፓቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ሰዎች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የአማዞን ማዕከሎች በስም ማውጫቸው ስሕተት ታውከው፣ በዓለም ዙሪያ የታወቁ አፕሊኬሽኖች ለብዙ ሰዓታት ቆሙ። ትልቅነት ከእሳትና ከስሕተት አያድንም። ያዳነው በሌላ ከተማ ቅጂ መኖሩ ነው። በትልልቆቹ ዘንድ ሌላ ከተማ መምረጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አንተ የጠራሃቸው የአገር ውስጥ ማዕከሎች ግን ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ በአንድ ፓርክ ቅጽር ውስጥ ናቸው። በዚያ ሰፈር አንድ ነገር ቢደርስ ቅጂህን የት ታገኘዋለህ?

ወጣቱ፦ ቅጂውን ወደ ውጭ እልከዋለሁ። ሥራው በአገር ቤት፣ ቅጂው በውጭ አገር፤ ይህ ምን ይጎድለዋል?

አዛውንቱ፦ ዶላሩን ጠልተህ መጥተህ ዶላሩን መለስኸው፤ ካርዱንም እንዲሁ።

ወጣቱ፦ መጠኑ ይለያያል፤ ጋሼ። ዋናው ሥራ በዶላር ሲሆን ካርዱ በተቋረጠ ዕለት ገበሬው ሳይከፈለው ያድራል፤ ቅጂው ብቻ በዶላር ሲሆን ግን ካርዱ ቢቋረጥ ጥቂት ጊዜ እንሠጋለን እንጂ ማንም ሳይከፈለው አይውልም። ፍርሃትንና ጉዳትን በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም።

ወይዘሮዋ፦ ይህ መልስ ደስ ብሎኛል። ስለ ጾሙ ግን ማንም አላነሣም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት የሚገዛን ይቀንሳል፤ ገቢያችን ይወርዳል፤ ገበሬው ግን ላሟን አትጹሚ ሊላት አይችልምና ወተቱን ያመጣል፤ እኛም ቅቤ እናወጣዋለን። መዝገቡ አይቀንስም፤ ለመዝገቡ የምንከፍለው ግን ከየት ይምጣ?

አዛውንቱ፦ ይህ ጥያቄ ለትልልቆቹ ምስጋና የሚያስገኝ ነው። በሰዓት ሒሳብ የሚያከራዩት በጾም ሰርቨሩን አሳንሶ፣ በፋሲካ ሰሞን ወተት ፈላጊው ሲበዛ ማስፋት ይፈቅዳሉ።

ወጣቱ፦ እትዬ እንዳሉት መዝገቡ አይቀንስም፤ ጋሼ። የሚቀንሰው ገዢው እንጂ አቅራቢው አይደለም፤ ማሽኑ በጾምም በፍስክም ያንኑ ያህል ይሠራል። በሰዓት መክፈል ሥራው ለሚዋዥቅ ሰው ጸጋ ነው፤ ለእኛ ግን በወር የተቆረጠ ቁርጥ ዋጋ፣ በጥቅምት የተነገረን በመጋቢትም የማይለወጥ፣ ይሻለናል። የትልልቆቹ ደረሰኝ ደግሞ በየመሥመሩ ሌላ ስም፣ በየስሙ ሌላ ዋጋ ስለ ሆነ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም አንብቦ የሚፈርመው አይደለም።

አዛውንቱ፦ በዚህ ረታኸኝ። ነገር ግን ውል ካነሣን፣ ውሉ የሚሰጠውን ተስፋ በትክክል እናንብበው። አማዞን ለአንዲት ማሽን ብቻ የሚሰጠው ቃል 99.5 ከመቶ ነው፤ ይህም በወር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብትቆም ቃሉን አላፈረሰም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ብትቆም የሚክሰውም ከሚመጣው ሒሳብ ላይ በመቀነስ ነው። በክፍያ ቀን በር ላይ የዋሉትን እናት የሚክስ አንቀጽ የለም። የአገር ውስጡ ውል ከዚህ የተሻለ ይላልን? ካላነበብኸው አንብበው።

ወይዘሮዋ፦ የአገር ውስጡ ካላከበረኝ ግን ወደ ዳኛ እሄዳለሁ። የጀርመኑን ወይም የአሜሪካውን የት አገኘዋለሁ?

ወጣቱ፦ በትክክል! የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የገበሬው ስም፣ የስልክ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ በሕግ የሚጠበቅ የግል መረጃ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍም አዋጁ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከሱሉልታ በአንድ ታክሲ ይደረስበታል።

አዛውንቱ፦ አዋጁ የሚያስረው ግን መጀመሪያ ማኅበሩን ነው፤ ምክንያቱም መረጃውን ከገበሬው የሰበሰበው ማኅበሩ ነው። ሰርቨሩ አገር ቤት መሆኑ የልጅቱን ስልክ ያለ ምሥጢር ቁጥር ከመተው፣ የሁሉንም ስም በአንድ የኤክሴል ፋይል አድርጎ በቴሌግራም ከመላክ አያድንም። ይህን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወይዘሮዋ፦ እኛም እንልካለን። ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። እንግዲህ እኔ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝን ልጠይቃችሁ፤ ሁለታችሁም አልነካችሁትምና። አንተ ወንድሜ ወጣት ነህ፤ ችሎታህም የታወቀ ነው፤ ነገ ካናዳ ወይም ዱባይ ሥራ ቢጠሩህ አትሄድም ብዬ አልዋሽም። እርስዎም ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ ሁልጊዜ አይኖሩልንም። ሌሊት በ5 ሰዓት መዝገቡ ቢቆም፣ ጎሮም ይሁን ፍራንክፈርት፣ የሚያስነሣው ማን ነው? የምሥጢር ቁጥሩስ በማን እጅ ነው?

ወጣቱ፦ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ብቻዬን።

አዛውንቱ፦ የደብር ንዋየ ቅድሳት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም፤ ደግሞም ሰዓሊውም መጽሐፍ ደጓሹም ቁልፉን አይይዝም። ቁልፉ ለማኅበሩ ሹማምንት ይሁን፤ ቢያንስ ለሁለት።

ወጣቱ፦ ቁልፉን ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን ቁልፍ ያለ ዕውቀት ምን ያደርጋል? ይህ እንኳ ለእኔ ሐሳብ ይመስክር፦ አገር ቤት ያለው አከራይ ስልክ ሲደወልለት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይመልሳል፤ ሰውየው በእግሩ ሄዶ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ሊቆም ይችላል። የውጩ ግን በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥያቄ ተራ አስይዞ ያቆየዋል።

አዛውንቱ፦ ለእኔም ሐሳብ ይመስክር፦ በትልልቆቹ ዘንድ ዳታቤዙን የሚጠብቀው አከራዩ ስለ ሆነ፣ ሌሊት በ5 ሰዓት የሚነሣው ሰው ከማኅበሩ መሆን አይጠበቅበትም። አንተ ባልኸው መንገድ ግን ማሽኑ ቢነሣም ዳታቤዙን የሚያስነሣው ሰው ከማኅበሩ መገኘት አለበት።

ወጣቱ፦ የዚያ ጥበቃ ዋጋ በልዩ ልዩ ስም ከሚጠሩት የራሳቸው አገልግሎቶች ጋር መታሰር ነው፤ ጋሼ። ዛሬ በእነርሱ ልማድ የሠራሁትን አፕሊኬሽን ነገ ላውጣው ብል እንደገና መሥራት አለብኝ። እኔ ለሁሉ ክፍት በሆኑት በሊኑክስና በፖስትግሬስኪውኤል ብቻ እሠራዋለሁ፤ ጎሮም፣ ጀርመንም፣ ቢያስፈልግ ማኅበሩ ቢሮ ባለች አንዲት ኮምፒውተር ላይም ይነሣል።

አዛውንቱ፦ ይነሣል ማለትና ተነሥቶ ማየት ይለያያሉ።

ወይዘሮዋ፦ እንግዲህ አሳዩኝ። የሰኔን አሥራ አምስት ቀን መዝገብ አንተ ጎሮ ካለ ሰርቨር ላይ፣ እርስዎም ከመረጡት የውጭ አገር ሰርቨር ላይ፣ ከባክአፕ አንሥታችሁ በፊቴ ክፈቱልኝ፤ የእያንዳንዱ ገበሬ ሊትር አሁን ከሚሠራው መዝገብ ጋር አንድ መሆኑን እኔ አመሳክራለሁ።

አዛውንቱ፦ ይህ ፈተና አይደለም፤ እኔና እርሱ ተቀምጠን ብንሠራው የሚለካው የእኛ ዕውቀት ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ትሥራው፤ እኛ ስልካችንን ዘግተን ከክፍሉ ውጭ እንቀመጥ፤ የሚመራት በወረቀት የተጻፈ መመሪያ ብቻ ይሁን። በዚያ ወረቀት ማንኛው ቀድሞ ከተነሣላት ያንኑ ይምረጡ።

ወጣቱ፦ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን የእርስዎ አከራይ ብዙውን ራሱ ስለሚሠራ ወረቀቱ አጭር ይሆናል፤ የእኔ ሦስት ገጽ ይደርሳል። በሌላ በኩል የእርስዎ ገጾች ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ልጅቱ የምታነበው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው።

ወይዘሮዋ፦ ሁለቱም ወረቀት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። የመብራቱን ሰዓት አልመርጥላችሁም፤ በዚያን ቀን ሱሉልታ መብራት ቢጠፋ እንደ ጠፋ ይሠራል። ሥራው ያለፈው በማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ልጅቱ የት የት ላይ እንደ ቆመች በየመሥመሩ እጽፋለሁ። እስከዚያ ድረስ የማንንም ውል አልፈርምም፤ የአሁኑንም ለአንድ ወር ብቻ፣ በማኅበሩ ስም በወጣ ካርድ አድሰዋለሁ።